«ጨዋታ ነው» ማለት ያልበቃባት ማክሰኞ



ይቺን ጽሑፍ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ትንሽ ረዘም ትላለችና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ስለ ኢንተርኔት ጨዋታ ነው የምጽፈው። «ቲቸር ደግሞ በዚህ ዕድሜው ጌም ጀመረ እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። አዎ፣ ጀምሬ ነበር። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የግቢያችን በር ተንኳኳ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልኬ እያበራሁ ወጣሁ። ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው ጎረቤቴ ናት። ሁለት ልጆቿን ይዛ ቆማለች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ። ልጄ አንብባልኝ ነበር፤ ምናልባት ተሳስታ ከሆነ ብዬ ነው» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ።

በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለቀቀ የደብዳቤ ፎቶ ነው። ከላይ «ጉዳዩ፡- ስለ ቦታ ማስለቀቅ» ይላል። በሐና ማርያም መንገድ ዳር የምትኖሩ ሁሉ እስከ ሐሙስ፣ ይልና ይቀጥላል። ከታች ክብ ማኅተም አለ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቀዘቀዘ። «ንብረታችሁን በማንሳት ቦታውን ነጻ እንድታደርጉ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከማስተማር ከወጣሁ በኋላ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ (አሁን የሂሳብ ሠራተኛ ናት) ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ አንድ ግሩፕ አለን፤ ሮል ፕሌይ እንጫወታለን። አማርኛችንን እያየህ ብታርምልን» አለችኝ። እኔ ሮል ፕሌይ የሚባለውን አላውቀውም ነበር። እሷ አስረዳችኝ። ልጆቹ በዩቲዩብና በቲክቶክ ሰዎች ግራንድ ቴፍት አውቶ ላይ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ አንዱ ፖሊስ አንዱ የታክሲ ሹፌር ሆኖ፣ ለወራት ሲኖሩበት አይተዋል። ያንን ጌም የሚችል ኮምፒውተር ግን የላቸውም። ስለዚህ በቴሌግራም፣ በጽሑፍና በድምፅ ብቻ የራሳቸውን ጀመሩ። ከተማው ሎስ ሳንቶስ አይደለም፤ ጀሞ፣ ላፍቶ፣ ኃይሌ ጋርመንት፣ ለቡ፣ መካኒሳ፣ ጎፋ ነው። አንዱ ወያላ ነው፣ አንዷ ጀበና ቡና አላት፣ አንዱ ደላላ፣ አንዱ ተራ አስከባሪ፣ አንዱ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ሰብሳቢ (ይሄኛው ከሁሉ የባሰ አምባገነን ሆኖ ነበር)።

ገብቼ ሳየው ደስ አለኝ። እኛ በልጅነታችን እቃ እቃ ስንጫወት አፈሩ ዱቄት፣ ቆርኪው ድስት አልነበረም? ሌባና ፖሊስ ስንጫወት ሌባ መሆን ያልፈለገ ማን ነበር? እነሱም ያንኑ ነው የሚጫወቱት። ልዩነቱ ልጅ ሆነው ሳይሆን ከሥራ መልስ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው መጫወታቸው ነው። ደግሞ አማርኛ ይጽፋሉ! እኔ 17 ዓመት ሙሉ አንድ ገጽ ጻፉልኝ ብዬ ስለምን የኖርኩ ሰውዬ፣ በቀን 30 ገጽ በፈቃዳቸው ሲጽፉ ሳይ ምን ልበላችሁ?

የኮሪደር ልማት ሥራው በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በከተማው ሰው አፍ ላይ ያለው የቤት ነገር ነው። ስለዚህ ወደ ጨዋታውም ገባ። አንድ ልጅ ለ40 ዓመት በኖሩበት ቤት ላይ ቀይ ምልክት የተደረገባቸው እማማ ሆኖ ተጫወተ። በድምፅ ነው የተጫወተው። እማማ ልቀቁ ሲባሉ አልጮኹም፤ «ቆይ ቡናው ይውረድ» ነው ያሉት። ከዚያ ለምልክት አድራጊው ቡና ቀዱለት። እውነቴን ነው፣ ከብዙ ፊልም ይሻላል።

ያ ትዕይንት ደብዳቤ ያስፈልገው ነበር። ተማሪዬ የወረዳ ሠራተኛ ሆና ጻፈችው። የእሷ ረቂቅ «እስከ ሐሙስ እቃችሁን አውጡ» ይል ነበር። እኔ ደግሞ አስተማሪነቴ ተነሣብኝ። «የመሥሪያ ቤት አማርኛ እንዲህ አይደለም» አልኳትና አስተካከልኩላት። «ጉዳዩ» ከየት እንደሚጀምር፣ «በጥብቅ እናሳስባለን» የት እንደሚገባ አሳየኋት። ሌላው ልጅ በስልኩ ማኅተም ሠራለት። ሁላችንም አጨበጨብን። እሑድ ማታ አንዱ ተጫዋች «ጓደኞቼን ላሳቅ» ብሎ ስክሪንሾት አድርጎ ላከው። ሰኞ የሰፈራችን ግሩፕ ላይ ደረሰ። የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ ነፋስ ስልክ አይደል? በነፋስ ሄደ።

ማክሰኞ ማታ ለጎረቤቴ «ይሄ ውሸት ነው፣ የልጆች ጨዋታ ነው» ስላት መጀመሪያ አላመነችኝም። ማኅተሙን በጣቷ አሳየችኝ። ሐና ማርያም በ2008 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በቤት ማፍረስ ምክንያት የሰው ሕይወት የጠፋበት ሰፈር ነው። እዚያ ለኖረ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጨዋታ ሊሆን እንደሚችል በሐሳቡም አይመጣም። በመጨረሻ ሲገባት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። «አልጋውን እኮ ሸጥኩት» አለች። ከሰዓት በኋላ ቆራሌው ሲያልፍ ጠርታ፣ የብረት አልጋዋንና አንድ ቁም ሣጥን በ1,500 ብር ሰጥታዋለች። ተሸክሜ የት እወስደዋለሁ ብላ።

ከሁሉ የከበደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የልጅቷ ረቂቅ እንዳለ ቢወጣ ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር። እንዲታመን ያደረገው የእኔ እርማት ነው።

በማግስቱ ልጆቹን ሰብስቤ ሳርቤት አንድ ካፌ ተቀመጥን። ግሩፑን እንዝጋው ያለም ነበር። ተማሪዬ ግን «ቲቸር፣ ብንዘጋው ሌላ ቦታ ሌሎች ልጆች ያለ ምንም ሕግ ይጀምሩታል። ሕግ እናውጣለት» አለች። እስከዚያ የነበረን ሕግ ሦስት ቃል ነው፤ «ፖለቲካ ክልክል ነው»። እሱኑ ይዘን ጀመርን፤ ወዲያው ግን እንደማይረባ ታየን። በዚያ ሕግ ቢሄድ መጀመሪያ የሚጠፋው የእማማ ቡና ነው፤ ቤት ፈረሳ ፖለቲካ ነዋ። የታክሲ ታሪፍም ፖለቲካ ነው፣ የዘይት ዋጋም ፖለቲካ ነው። ደብዳቤው ግን በሕጉ ሥር ያልፋል፤ አንድም የፖለቲካ ቃል የለበትም። ጥሩውን የሚቀጣ፣ አደገኛውን የሚያሳልፍ ሕግ ነበር ያለን።

ሁለተኛው ሐሳብ «የቦታ ስሞቹን እንቀይር» የሚል ነበር። ጀሞን «ገሞ»፣ ላፍቶን «ሳፍቶ» እንበል አሉ። ትልልቆቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ሎስ ሳንቶስ ስሟ ተቀይሮ ነው እንጂ ሎስ አንጀለስ ናት። የጌሙ ባለቤት ሮክስታር እ.ኤ.አ. በ2022 ለሮል ፕሌይ ሰርቨሮች ባወጣው መመሪያ የእውነተኛ ድርጅቶችን ስምና ምልክት ማስገባት ከልክሏል። ነገር ግን ያ ሕግ የሚጠብቀው የንግድ ምልክትን ነው። ጉሊት የምትሸጥ ሴትን ታሳቢ አድርጎ የተጻፈ አይደለም።

ስም መቀየር ብቻውን እንደማያድን ደግሞ የእኛው ታሪክ ይነግረናል። ተማሪዎቼ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ አስተምሬያችሁ ነበር፤ የረሳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀው «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዘጋጁት። ገጸ ባሕርያቱ አውሬዎች ናቸው፤ አንድም ሹም በስሙ አልተጠራም። ተመልካቹ ግን ማን ማን እንደሆነ ገባው፤ ንግሥት ዘውዲቱም አገዱት። ስምና መልክ ቢቀየርም ሰው የራሱን ያውቃል። (እኒሁ ሰው ናቸው በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። ተውኔትም ሕግም የሚጽፍ አንድ ሰው ቢኖረን እኛም ካፌ ውስጥ ያን ያህል ባልተጨቃጨቅን ነበር።)

ትምህርት ያገኘሁት ከሬዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30፣ 1938 ኦርሰን ዌልስ የሚባል ወጣት አሜሪካ ውስጥ የማርስ ፍጡራን ምድርን ወረሩ የሚል ድራማ በሬዲዮ አስተላለፈ። ልብ ወለዱ እንግሊዝ ውስጥ የሚካሄድ ነበር፤ እነ ዌልስ ግን ኒው ጀርሲ ውስጥ ወዳለች እውነተኛ መንደር አመጡት፤ አቀራረቡም ሙዚቃ እያቋረጠ በሚገባ ሰበር ዜና ሆነ። ድራማ መሆኑ መጀመሪያ ላይ ተነግሯል። ዘግይቶ ሬዲዮውን የከፈተ ግን አልሰማውም፤ ከዘገዩት አንዳንዶቹ ደነገጡ። ጋዜጦች ድንጋጤውን በጣም አጋነውታል ይባላል። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ማሳሰቢያው በር ላይ ቀርቶ ታሪኩ ብቻውን ወጣ። እኛም ግሩፑ አናት ላይ «ይህ ልብ ወለድ ነው» ብለን ለጥፈን ነበር። ስክሪንሾቱ ያንን ይዞ አልወጣም።

ሕጉንም አወጣሁና አነበብኩት። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። ጥሩ ነገር አለው፤ የኪነ ጥበብ ሥራ፣ የትምህርትና የምርምር ጽሑፍ፣ የዜና ትንታኔ፣ የሃይማኖት ትምህርት በጥላቻ ንግግርነት እንዳይቆጠሩ በግልጽ ይላል። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ግን እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ያስቀጣል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። አዋጁ የሚይዘው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ያሰራጨን፣ ሁከትና ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍ ያለን ነገር ነው። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ለልጆቹ የነገርኳቸው ይሄን ብቻ ነው፤ ግሩፑ ውስጥ ሳለ ድራማ የሆነው ወረቀት፣ ከግሩፑ ሲወጣ መረጃ ይሆናል። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚያነበው ሰው ነው የተቀየረው።

ሁለት ቀን ተጨቃጭቀን አምስት ሕግ ወጣ። ሌሎችም እንዲህ ያለ ግሩፕ እንዳላችሁ ስለማውቅ እዚህ ላስፍረው።

አንደኛ፦ ምልክቱ በእያንዳንዱ መልእክትና ምስል ላይ ይሆናል። ጥጉ ላይ ከሆነ ይቆረጣል፤ ስለዚህ መሐሉ ላይ «ጨዋታ» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ያስጠላል፤ ያስጠላ።

ሁለተኛ፦ ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ የባንክና የቴሌ መልእክት፣ ሰበር ዜና አስመስሎ መሥራት ፈጽሞ ክልክል ነው። ደብዳቤ የሚያስፈልገው ትዕይንት ካለ፣ ደብዳቤውን ያነበበው ሰው ይናገረው። ይሄን ሲሰማ እማማን የተጫወተው ልጅ ምን አለ መሰላችሁ? «እንደውም ይሻላል። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ የልጅ ልጃቸው እያነበበች አንድ መስመር ትዘልላቸዋለች።» አያችሁ? ክልከላው የተሻለ ትዕይንት ሰጠን።

ሦስተኛ፦ ቦታው እውነተኛ ይሁን፤ በሕይወት ያለ ሰው፣ እውነተኛ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ የብሎክ ቁጥር፣ ታርጋ ግን አይጠራ። ዘመኑም የዛሬ አይሁን። የጨዋታው ዓመት 2003 ዓ.ም. እንዲሆን ተስማማን። ይሄ የተማሪዬ ሐሳብ ነው፤ ከሁሉም የወደድኩትም እሱን ነው። በ2003 የሚካሄድ ነገር «እስከ ሐሙስ» ቢል ዛሬ ማንንም አያስደነግጥም። ልጆቹ ደግሞ ያንን ዘመን አያስታውሱትም፤ ገና ሕፃናት ነበሩ። አሁን ወላጆቻቸውን እየጠየቁ ነው። ባቡሩ እንዳልነበረ (የተጀመረው መስከረም 2008 ነው)፣ የግድቡ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን የተጣለው በዚያው ዓመት መሆኑን፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሲገባ አካባቢው ምን ይመስል እንደነበር። አንዷ «እናቴ እንዲህ ታወራለች ብዬ አላውቅም ነበር» ብላ ጻፈችልኝ።

አራተኛው ነው ያጣላን። ከወራት በፊት የሆነ ነገር ስለነበር ነው። አንድ ልጅ ኬላ ጠባቂ ሆኖ ታክሲ አስቆመና መታወቂያ ጠየቀ። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበር፤ ልጁም «ብሔር?» ብሎ ጠየቀ። ለእሱ ዝርዝር ማሳመር ነው። ታክሲ ውስጥ ከነበሩት ተጫዋቾች አንዱ ግን መልስ ሳይጽፍ ወጣ። ግሩፑንም ለቀቀ። በጦርነቱ ዓመታት ቤተሰቡ ላይ ምን እንደደረሰ በኋላ ነው ከጓደኛው የሰማነው፤ እዚህ አልጽፈውም። ያኔ አድሚኖቹ «ሕግ አልተጣሰም» ብለው አለፉት። እውነትም አልተጣሰም ነበር።

ታዲያ ኬላ ይከልከል? ብሔር የሚል ቃል ይጥፋ? ግማሾቹ ይጥፋ አሉ። እኔ ግን ያልሆነ አገር ውስጥ የሚኖሩ አድርገን ልጆቹን ማጫወት ውሸት መሰለኝ። ሌላው ዓለም ላይ የባሰም አለ፤ ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳሳወቀችው አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሮብሎክስ ላይ የአይሲስን የጦር ቀጠና አስመስለው በተሠሩ ሰርቨሮች ውስጥ ተዋጊ ሆኖ ይጫወት ነበር። መድረኩ ሁሉን ቢፈቅድ ወዴት እንደሚኬድ ያሳያል። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፦ ማንኛውም ሰው ማንኛውንም ሰው ሆኖ መጫወት ይችላል፤ ብሔርና ሃይማኖት ግን የጥቃት ምክንያትም የሳቅ ምክንያትም አይሆኑም። በዚያ ላይ ማንም ተጫዋች «ይብቃ» ካለ ትዕይንቱ እዚያው ይቆማል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ያ ልጅ ያጣው ይቺን አንዲት ቃል ነው። አሁን ሕጉ ወጥቷል ብለን ጻፍንለት። አልመለሰም።

አምስተኛ፦ ስህተቱ የሄደበት ቦታ ሁሉ እርማቱ ይሄዳል። አንድ ነገር ካመለጠ ያስመለጠውም፣ የጻፈውም፣ አድሚኖቹም በአንድ ሰዓት ውስጥ የደረሰበትን ግሩፕ ሁሉ እየዞሩ በስማቸው ያርማሉ። አዋጁ ለማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች እንዲህ ያለ ይዘት እንዲያነሱ ከተነገራቸው 24 ሰዓት ነው የሰጣቸው። ጎረቤቴ አልጋዋን ለመሸጥ ግን አንድ ከሰዓት በቅቷታል።

እነሆ እኔም በስሜ እያረምኩ ነው። በሐና ማርያም ስም የተሰራጨው ደብዳቤ ሐሰት ነው። ያረምኩት እኔ ነኝ። እስካሁን እጃችሁ ላይ ካለ አጥፉት፤ የላካችሁለት ሰው ካለ ንገሩት።

ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው አልጋ ገዙላት፤ እኔም ጨምሬበታለሁ። ቆራሌውን ለማግኘት ሁለት ቀን ዞረን ነበር፤ እቃው ተሸጦ አልፏል። አዲሱን አልጋ ስናስገባ አመሰገነችን፣ ቡናም አፈላች። ተማሪዬ አፍራ ቀና ብላ ማየት አቅቷት ነበር። ጎረቤቴ «አይዞሽ፣ ልጅ አይደለሽ» አለቻት። ለእኔ ግን እንዲህ አላለችኝም። ትክክል ናት፤ እኔ ልጅ አይደለሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ በሩ ተንኳኳ። እሷው ናት። የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ ግሩፑ ላይ ተለቋል፤ ለሁለት ቀን ስለሚጠፋ ቀድማችሁ ቅዱ ይላል። ስልኩን ሰጠችኝና ፊት ፊቴን እያየች «ጋሼ፣ ይሄስ የናንተ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም፣ ይሄ የእውነት ነው» አልኳት።

ትንሽ ቆመች። ከዚያ ማዶ ያሉትን ሴትዮ ልትጠይቅ ሄደች።

ወዳጆቼ፣ ስድስተኛ ሕግ ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። አነባለሁ። ሰላም እደሩ።